ጦርነት ያየ ሰው ስለ ጦርነት የሚያስቅ መጽሐፍ ያንብብ ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። በአጭሩ ልመልስ ብዬ ጀመርኩና አልሆነልኝም። ያልሽው ይሄ ነው፤ ለደብረ ብርሃን የንባብ ቡድናችን በሚቀጥለው ወር የቴሪ ፕራቼትን «ጂንጎ» ልታቀርቢ አስበሻል። ግን ከመካከላችን ቤቱ የተቃጠለበት አለ፣ ሰው የሞተበትም አለ። እንደዚህ ባለ ሰው ፊት ጦርነትን እየቀለደ የሚያወራ መጽሐፍ ማቅረብ ነውር አይሆንም ወይ ብለሽ ሰግተሻል።

ቤቱ ከተቃጠለበት አንዱ እኔ ነኝ። አቅርቢው።

መጽሐፉን ለማያውቁት ትንሽ ልበል። ፕራቼት እንግሊዛዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ተወልዶ በ2015 ያረፈ። በዔሊ ጀርባ ላይ በቆሙ አራት ዝሆኖች ስለምትደገፍ ጠፍጣፋ ዓለም 41 ልብ ወለዶች ጽፏል። «ጂንጎ» 21ኛው ነው፣ በ1997 የወጣ። አንክ-ሞርፖርክ የምትባል ከተማና ክላች የሚባል አገር አሉ፣ መካከላቸው ባሕር ነው። አንድ ሌሊት ሌሽፕ የምትባል ደሴት ከባሕሩ ሥር ብቅ ትላለች። ሁለት ዓሣ አጥማጆች፣ አንዱ ከዚህ አንዱ ከዚያ፣ እያንዳንዳቸው ከልጃቸው ጋር እዚያው ይገኛሉ። ሁለቱም «የእኛ ናት» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ ሁሉ የሚመጣው።

እኔ መጽሐፉን ያነበብኩት በእኛ አቆጣጠር በ2013 ክረምት ነው። በሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል ቤታችንም የአባቴ መጋዘንም ነደደ። ደብረ ብርሃን መጥተን አንድ ክፍል ተከራየን። ብርዱን ታውቂዋለሽ፣ ከቆላ ለመጣ ሰው ደግሞ ሌላ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ማሾ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው፤ እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ወርዶ ይገዛል፣ ለአዲስ አበባ ነጋዴ ይጭናል። እዚህ ሲመጣ ሥራ የለ፣ ገበያ የለ። ጋቢውን ተከናንቦ ከሰሉን ማየት ነበር ሥራው። እኔ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። መጽሐፉ በስልኬ ላይ ነበረኝና ለራሴ ሳነብ አንድ ማታ «ምንድነው እሱ፣ እስቲ ጮክ በል» አለኝ። እየተረጎምኩ አነበብኩለት።

ዓሣ አጥማጆቹ ጋ ስንደርስ አስቆመኝ። «ደሴቱ ላይ ምን ይበቅላል?» አለ።

«ምንም። ፍርስራሽና የባሕር አረም ነው።»

«ታዲያ ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

ሳቀ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከሚያዝያ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ማታ ነው። «ይሄማ የእኛው የድንበር ክርክር ነው» አለ፣ «አንድ ጥማድ የማይሞላ መሬት ላይ ሁለት ቤት ሲያልቅ አይቻለሁ።» በነገታው ማታ እኔ ሳልጀምር እሱ «ዓሣዎቹስ?» አለኝ። ዓሣ አጥማጆቹን ማለቱ ነበር።

ነውር ነው ወይ ላልሽው የመጀመሪያው መልሴ ይሄ ነው። መጽሐፉ በሞተ ሰው ላይ አይስቅም። የሚስቀው ከጦርነቱ በፊት ባለው ወሬ ላይ ነው። ኮሎንና ኖቢ የሚባሉ ሁለት ጥበቃዎች አሉ። ኮሎን ስለ ክላቻውያን ያወራል፣ ፈሪዎች ናቸው፣ እንዲህ ናቸው፣ እንዲያ ናቸው እያለ። ኖቢ በየዋህነት እየጠየቀው ወሬው ራሱን ይበላል። ያን ወሬ እኛ እናውቀዋለን። በታክሲ ሰምተነዋል፣ በለቅሶ ቤት ሰምተነዋል፣ በቡና ላይ ሰምተነዋል። እኔ ራሴ ተናግሬዋለሁ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አባቴ ከሰንበቴ ወዲያ የሚኖር ኦሮሞ ደንበኛ አለው። 18 ዓመት አብረው ሠርተዋል፣ ወረቀት ሳይጻፉ። ከቃጠሎው በኋላ ይሄ ሰው ደጋግሞ ይደውል ነበር። ስልኩ እኔ ጋ ስለሚውል ስሙን ሳየው ድምፁን አጠፋዋለሁ። አንድ ቀን አባቴ «ማነው?» ሲለኝ ስሙን ነገርኩትና «ደግሞ ምን ይላሉ?» አልኩ። በአማርኛችን «ይላሉ» ለአንድ ሰውም ይሆናል፣ ለአክብሮት። የእኔ ግን የአክብሮት አልነበረም። «እነሱ» ማለቴ ነበር። የደወለው አንድ ሰው ነው። አባቴም ምንም አላለም፣ ዝም አለ።

በመጽሐፉ ውስጥ ጎሪፍ የሚባል ክላቻዊ አለ። አንክ-ሞርፖርክ ውስጥ ምግብ እየሸጠ የሚኖር ሰው ነው። የጦርነቱ ወሬ ሲግል የከተማው ሰው በሱቁ በር ላይ ይሰበሰባል፣ በላቡ አድሮ ምግብ የሚያቀርብላቸውን ሰው እንደ ጠላት ያዩታል። ያን ክፍል እየተረጎምኩ ቀና ስል አባቴ አይስቅም ነበር። ከሰሉን በቆርቆሮ ሲቆሰቁስ ቆየና «ስልኩን አምጣው» አለ።

ደወለ። ሰላምታው ረዘመ፣ እንደምታውቂው እዚያ አካባቢ ሰላምታ ስለ ከብቱም ስለ ዝናቡም ነው። ከዚያ ሰውየው ለምን ሲደውል እንደከረመ ተናገረ። አባቴ በመጋቢት ቀብድ የከፈለበት 11 ኩንታል ማሾ እሱ ቤት ተቀምጧል። መንገዱ ሲዘጋ አልተጫነም። «ነቀዝ ሊጨርሰው ነው፣ ምን ላድርገው?» ነው የሚለው። ለዚህ ነው ሦስት ወር ሙሉ የደወለው። እኔ ደግሞ ስልኩን ሳጠፋ ነበር።

ሁሉም ሰው እንደዚህ ነበር ልልሽ አይደለም። አልነበረም። መጽሐፉንም ከሌሎቹ አስበልጬ የምወደው እዚህ ላይ ነው። ዋናው ሰው ቫይምስ የከተማው ጥበቃ አዛዥ ነው። ለጉብኝት የመጣ የክላች ልዑል ላይ የግድያ ሙከራ ይደረግና ቫይምስ ይመረምራል። ቀና ሰው ነው፣ ጭፍን ጥላቻን አይወድም። ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ ከራሱ ወገን ይሁን ብሎ ልቡ አስቀድሞ ፈርዷል። ክላቻዊውን ተንኮለኛ አድርጎ ማሰብ ነውር ይመስለዋል። ሰባ አንድ ሰዓት አህመድ የሚባለው የክላች ሰው ነው ይሄን የሚያሳየው፤ ክላቻውያንም እንደ ማንኛውም ሰው ክፉም ደግም መሆን ይችላሉ። ማን እንዳሴረ አልነግርሽም፣ አንብቢው።

ይሄን ሳነብ አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ ትዝ አሉኝ። ገሚሱ «ጥፋቱ የእነሱ ነው» ይላል፣ ሌላው «ጥፋቱ የእኛው ነው፣ እነሱ ምስኪን ናቸው» ይላል። የአባቴን ደንበኛ ግን ሁለቱም አያዩትም። ደግ ስለሆነ ማሾውን ጠበቀ፣ ደግነቱ የራሱ ነው። የእኛን በር የሰበረም ሰው አለ፣ ክፋቱ የራሱ ነው።

ስለ ርዕሱም ትንሽ ልበል፣ ውይይቱ ላይ ይጠቅምሻል። «ጂንጎ» የሚለው ቃል የታወቀው በ1878 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ በሩሲያና በቱርክ ጦርነት ልትገባ ስትል በየአዳራሹ ይዘፈን ከነበረ ዘፈን ነው። መርከቡ አለን፣ ሰዉ አለን፣ ገንዘቡም አለን የሚል ነው። በመጽሐፉ የከተማዋ ገዥ ቬቲናሪ ይገለብጠዋል፤ መርከብም፣ ሰውም፣ ገንዘብም የለንም ይላል። እኔ ብተረጉመው ርዕሱን «ፉከራ» እለዋለሁ።

ግን እዚህ ላይ ከመጽሐፉ ጋር እጣላለሁ። በእኛ አገር ፉከራ ባዶ ጩኸት ብቻ አይደለም። አያቴ በ1928 ጣሊያን ሲገባ መንዝ ላይ ከራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ጋር ነበር። አምስት ዓመት በዋሻና በገደል። ያ ሰው «ዘራፍ» ሲል የሚያወራው ስለ በረሃማ ደሴት አልነበረም፣ የመጣበትን ሲመልስ ነበር። ፕራቼት የሚጽፈው ሌላ አገር ሄዶ ሲወጋ ከኖረ አገር ሆኖ ነው፣ ያን ጉራ ማፍረሱ ተገቢ ነው። የተወረረ ሰው ግን ምን ያድርግ ለሚለው መጽሐፉ ብዙ መልስ የለውም። ይሄ ጥያቄ በቡድናችን መነሳቱ አይቀርምና አትደንግጪ፣ ይነሳ። ከሸዋ ሮቢት የመጡት፣ በኅዳር 2014 ያለፉበትን ያለፉት፣ ከሁላችን የተሻለ ይናገሩበታል።

«ይሄ የልጆች ተረት ነው» የሚልም ይመጣል። የአቤ ጉበኛን «አልወለድም» አስታውሺው። በ1955 ዓ.ም. የወጣ ነው፣ ከእናቱ ማሕፀን ሆኖ አልወለድም የሚል ልጅ ታሪክ። ታግዷል። ተረት ብቻ ቢሆን ማን ያግደው ነበር?

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ቫይምስ ቀጠሮ የምታስታውሰው ትንሽ ሣጥን አለችው፣ ውስጧ ያለው ፍጡር እየጮኸ የዕለቱን ሥራ ይነግረዋል። በመሃል ዕጣው ለሁለት ይከፈላል። እሱ አንዱን መንገድ ይሄዳል፣ ሣጥኗ ግን ያልሄደበትን መንገድ ቀጠሮ መናገር ትጀምራለች። በዚያኛው መንገድ ከተማዋ ተወራለች፣ የሥራ ባልደረቦቹ እየሞቱ ነው። ሣጥኗ የእያንዳንዳቸውን ሞት በየሰዓቱ፣ በስም፣ እንደ ቀጠሮ ትናገራለች። ያ አያስቅም። እኔ ለአባቴ ስተረጉም ድምፄ ተቆርጦ አቁሜአለሁ፣ እሱም ቀጥል አላለኝም። ከመካከላችን በዚያ ክፉ ጊዜ ስልክ ይዞ የሟች ስም ሲሰማ ያደረ ሰው አለ። ስለዚህ ያን ክፍል ጮክ ተብሎ እንዳይነበብ አድርጊ፣ ቀድመሽም ንገሪያቸው። ሰው ቤቱ ሆኖ ብቻውን ያንብበው። የቀረውን፣ በተለይ ቫይምስ ሁለቱንም ጦር ጸጥታ በማደፍረስ ላስር ብሎ የሚነሳበትን፣ አብረን ብናነበው ደስ ይለኛል። ጦር የሚያህል ነገር እንደ መንደር አምባጓሮ ሲታይ አባቴ እንዴት እንደተደሰተ!

ሌላው ጣጣ ቀላል ነው። መጽሐፉ ምዕራፍ የለውም፣ በገጽ ነው የምትከፋፍይው። የግርጌ ማስታወሻዎቹን አትዝለሉ፣ ሳቁ ግማሹ እዚያ ነው። እንግሊዝኛው ለከበዳቸው ለአባቴ ስል የዓሣ አጥማጆቹን ክፍል በአማርኛ የገለበጥኩበት ደብተር አለኝ። እጅ ጽሑፌ መጥፎ ነው፣ ግን ይነበባል። ለቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ። አባቴም መምጣት ይፈልጋል፣ ቦታ ካለ ንገሪኝ።