«በቀጥታ ብንጨርስስ?» ላልሽኝ ልጅ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት መልእክት ላከችልኝ። «ጋሼ፣ ቤት ልገዛ ነው። ደላላው የሚጠይቀው ኮሚሽን ግን አንጀቴን አቃጠለው። በር ከፍቶ ከማሳየት ሌላ ምን ሠራ? የባለቤቱን ስልክ አግኝቻለሁ። በቀጥታ ብንጨርስስ?»

መልሱን ያኔውኑ መስጠት እችል ነበር። ሁለት ቀን ግን ዝም አልኩ። «በቀጥታ ብንጨርስስ» የምትለዋን ነገር ከሠላሳ ዓመት በፊት ከሌላ ሰው አፍ ሰምቻታለሁ። ያን ጊዜ «እሺ» ብያለሁ። ለእሷ ልጽፍ ያሰብኩትን ለሁላችሁም ልጻፈው።

ያኔ 34 ዓመቴ ነበር። ኦዲተር ነኝ። ሥራዬ ሰው መዝገብ ውስጥ የደበቀውን መፈለግ ነው። ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን አርግዛለች፤ የምንኖረው በኪራይ ነው። ቤት የሚያፈላልጉልን አንዲት ሴት ነበሩ። በዕድሜ ከእኔ ሃያ ዓመት ያህል ይበልጣሉ። «እትዬ» ነበር የምላቸው።

አራት ወር አብረን ዞርን። አሥራ አንድ ቤት አየን። እኔ የማየው ስፋቱንና ብርሃኑን ነው። እሳቸው ገና ሲገቡ ቀና ብለው የኮርኒሱን ጥግ ጥግ ያያሉ፤ ውኃ የተወው ቢጫ ምልክት ይፈልጋሉ። ቧንቧዎቹን ሁሉ ባንዴ ከፍተው ግፊቱ ይወርድ እንደሆነ ይጠብቃሉ። የወለሉን ንጣፍ በቁልፍ ጫፍ ያንኳኳሉ። ባዶ ድምፅ ከሰጠች ንጣፍ ላይ ቆም ይሉና ከቦርሳቸው ትንሽዬ ደብተር አውጥተው ይጽፋሉ።

ከአሥራ አንዱ አንዱን ቤት በጣም ወድጄው ነበር። ዛሬውኑ ካልፈረምኩ ብዬ ስነሳ «ማታ ተመልሰን እንየው» አሉኝ። ተመለስን። ከጀርባው ብረት የሚበየድበት ቤት አለ፤ ለካ የሚሠሩት ማታ ማታ ነው። የመኝታ ቤቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። እትዬ ወደ እኔ ዞረው «እዚህ ሕፃን ይተኛል?» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም። በዚያች አንድ ጥያቄ ኮሚሽናቸውን በገዛ እጃቸው ጣሉት። ይህን ዛሬ ነው የማስበው። ያኔ ያሰብኩት አንድ ሳምንት እንደገና መባከኑን ብቻ ነው። እንዲያውም ተናድጄ ነበር።

አሥራ ሁለተኛው ቤት ሁላችንንም ደስ አሰኘን። እትዬ ግን ትንሿ መኝታ ቤት ውስጥ ቀሩ። ከአራቱ ግድግዳ አንዱ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። የእጃቸውን ጀርባ ግድግዳው ላይ አሳርፈው ቆዩ፤ እናት የልጇን ትኩሳት እንደምታየው። ከዚያ ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ስንወጣ «ይህቺን ግድግዳ ለብቻዋ ለምን እንደቀቧት አጣርቼ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ቀብድ እንዳትሰጥ» አሉኝ።

በማግስቱ ባለቤቱ ቢሮዬ ደወለ። ቁጥሬን ከየት እንዳገኘ አልጠየቅኩትም። «ለሴትዮዋ የምንከፍላትን እኔና አንተ ብንካፈለው አይሻልም? በቀጥታ እንጨርስ» አለኝ። ከዋጋውም ቀነሰልኝ። እርጉዝ ሚስት፣ የቤት ኪራይ፣ የአራት ወር ድካም፤ ምክንያት ሞልቶኝ ነበር።

ለእትዬ ደወልኩ። «ቤት መግዛቱን ለጊዜው ትተነዋል። ገንዘቡ አልሞላልንም» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «አይዞህ ልጄ፣ ቤት አይጠፋም። ሲሞላልህ ደውልልኝ» አሉኝ። ስልኩን ስዘጋ እጄ አልቦት ነበር።

ግድግዳው ሦስት ወር ታገሰን። መጀመሪያ ሽታው መጣ። ቁምሳጥኑን ስናነሳው ከኋላው ጥቁር ሻጋታ ነው፤ ቀለሙ ተላልጦ ተንጠልጥሏል። በወዲያኛው በኩል ያለው የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ለዓመታት ውስጥ ለውስጥ ሲያንጠባጥብ ኖሯል። ለጥገና ያወጣሁት ለእትዬ ልከፍል ከነበረው ሁለት እጥፍ ሆነ። ሥራ ስጀምር ያስተማረኝ አለቃዬ «በጣም የጸዳ መዝገብ ካጋጠመህ ሁለቴ አንብበው» ይለኝ ነበር። በጣም ጥብቅ ሰው ነበር፤ እርሳሳችንን እንኳ የሚቀርጽልን እሱ ነው። ያን ምክሩን ይዤ ስንት መሥሪያ ቤት ፈትሻለሁ። አዲስ የተቀባ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆሜ ግን አላስታወስኩትም።

ገንዘቡስ ተከፍሎ ተረሳ። ያቺ ስልክ ናት ያልተረሳችኝ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ደላላ ለኮሚሽኑ ይገባዋል ወይ? እትዬ ይገባቸው ነበር፤ ከሚገባቸውም በላይ። ይህን ስል ግን ደላላ ሁሉ እትዬ ነው ማለቴ አይደለም። በኮሚሽን መሥራት ራሱ ሰውን የሚያጣድፍ ነገር አለው። ኮሚሽኑ 3 በመቶ ነው እንበል። የሻጭ ደላላ ሌላ ሁለት ሳምንት ለፍቶ ዋጋውን በ10,000 ቢያሳድገው ለሻጩ 9,700 ይደርሰዋል፣ ለእሱ 300። ለ300 ብሎ ሁለት ሳምንት ማን ይለፋል? «ይህ ጥሩ ዋጋ ነው፣ እንዳያመልጥህ» ብሎ ማስፈረም ይቀለዋል። በገዢ በኩል ደግሞ ዋጋው በወጣ ቁጥር የደላላው ድርሻ ይጨምራል። ያንቺ መክሰር ለእሱ ትርፍ ነው።

ስቲቨን ሌቪትና ቻድ ሲቨርሰን የሚባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት በ2008 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ነገር በቁጥር አሳይተውታል። አሜሪካ ውስጥ የተሸጡ ወደ 100,000 የሚጠጉ ቤቶችን አዩ። ደላሎች የራሳቸውን ቤት ሲሸጡ ከደንበኞቻቸው ተመሳሳይ ቤቶች ይልቅ 9.5 ቀን ያህል አስበልጠው ገበያ ላይ ያቆዩታል። ዋጋውም 3.7 በመቶ ያህል ይበልጣል። ለራሳቸው ሲሆን ትዕግሥት አላቸው። ኦዲተር ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህን ቁጥር ካነበብኩ በኋላ «ቶሎ ፈርሙ» የሚለኝን ሰው ሁሉ በሌላ ዓይን ነው የማየው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ባለፈው ዓመት ልጄ ቤቷን ስትሸጥ «ያለ ደላላ ሽጪ» ያልኳት እኔው ነኝ። ቤቱን ጥግ ጥጉን ታውቀዋለች፣ ጊዜ አላት፣ አላጣደፋትም። በአሜሪካዋ ማዲሰን ከተማ ተጠንቶ በ2009 የወጣ ሌላ ጥናትም ባለቤቶች ራሳቸው የሸጧቸው ቤቶች ያወጡት ዋጋ በደላላ ከተሸጡት እንዳላነሰ ያሳያል። ጊዜ ግን ይወስዳል፤ ሳይሸጥላቸው ቀርቶ ወደ ደላላ የተመለሱም ነበሩ። አሁን እንዲህ ስጽፍ የእትዬን ነገር እየካድኩ እንደሆነ ይሰማኛል። ሁለቱንም ግን አምንበታለሁ። የምትሸጠውን ቤት ታውቂዋለሽ። የምትገዢውን አታውቂውም።

ስለ ካርታና ስለ ዕዳ እገዳ ማጣራት አልናገርም፤ ይህን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። እናንተ የዛሬ ልጆች ብዙ ነገር በስልካችሁ ታያላችሁ፤ ዋጋ ማወዳደሩን ከእኛ ትበልጡናላችሁ። ግን ፎቶ አይቶ ቤት አየሁ ማለት ይቀናችኋል። ግድግዳ የሚዳስስ እጅ በፎቶ አይገኝም። ደግሞ ዋጋ መጠየቅ ታፍራላችሁ። ሥራው ሳይጀመር ኮሚሽኑ ስንት ነው፣ ማን ይከፍላል፣ የሚከፈለው መቼ ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ በወረቀትም ይስፈር። ከሻጩም የሚቀበል ከሆነ ፊት ለፊት ይንገራችሁ። በዝቷል ካላችሁ ተከራከሩ፤ ካልተስማማችሁ በጊዜ ተለያዩ። አንዴ እሺ ብላችሁ ካዞራችሁት በኋላ ግን ይከፈለው።

ከደላሎች ጋር ስትዞሩ ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። ይህ ሰው «ይህን አትግዙ» ብሏችሁ ያውቃል? አንድ ቀን ካለ አጥብቃችሁ ያዙት።

ቤቱን ከገዛሁ ከስድስት ዓመት በኋላ እትዬን አንድ ክሊኒክ በር ላይ አገኘኋቸው። ሁለተኛዋ ልጄ እጄን ይዛለች። እሳቸው ቀድመው አወቁኝ። ልጅቷን ጉንጯን ስመው «ያቺ ያኔ ሆድ ውስጥ የነበረችው ናት?» አሉ። ናት አልኳቸው። «ቤቱስ? ሞላልህ?»

«ሞላልኝ እትዬ» አልኩ።

«እሰይ» አሉ። ምን ያህል እንደሚያውቁ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም። ከዚያ ልጄን እያዩ «መኝታ ቤቷ ደረቅ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።