ሶፍትዌሩ 60 ከመቶ ይላል፣ ሜትሩ ግን 35
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በአንድ የሕንፃ ግንባታ ላይ የሳይት መሐንዲስ ሆኜ እሠራለሁ። የሥራ መርሐ ግብራችንን የምንከታተለው በማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ነው። ለ1,000 ካሬ ሜትር የውስጥ ልስን 20 የሥራ ቀናት ተይዘዋል። 12 ቀናት እንዳለፉ የቢሮው ባልደረባዬ 60 ከመቶ ብሎ መዘገበ፤ እኔ ለክቼ ያገኘሁት ግን 350 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ቁጥሩን ወደ 35 ከመቶ ብለውጠውም የማጠናቀቂያው ቀን ከቦታው አልተነቃነቀም። የቱን እንመዝግብ? ለአሠሪውስ በምን መልክ እናሳየው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ልኬትዎ ትክክል ነው፤ ችግሩ ቁጥሩ የገባበት ቦታ ላይ ነው። በዚህ ሶፍትዌር ውስጥ የሥራው መጠናቀቅ በመቶኛ የሚታይበት ዋናው ዓምድ ስለ ካሬ ሜትር የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያሰላው ጊዜን ብቻ ነው፤ ሥራው እስካሁን የወሰዳቸውን ቀናት ለሥራው በተያዙት ጠቅላላ ቀናት ያካፍላል። ስለዚህ 60 ከመቶ ሲባል ከ20ው ቀናት 12ቱ አልፈዋል ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ የቀን መቁጠሪያውም ይነግረናል። እርስዎ 35 ብለው ሲያስገቡ ሶፍትዌሩ የተረዳው 7 ቀን ተሠርቶ 13 ቀን እንደ ቀረ ነው። ሰባትና አሥራ ሦስት አሁንም ሃያ ስለሚሆኑ የማጠናቀቂያው ቀን የሚነቃነቅበት ምክንያት አላገኘም። ሥራዎችን በአሞሌ በሚያሳየው የጊዜ ሰሌዳ (ጋንት ቻርት) ላይ ደግሞ የአፈጻጸሙ መስመር ሰባተኛው ቀን ላይ ይቆምና ያልተሠራ የአምስት ቀን ሥራ ባለፈው ሳምንት ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ያለፈ ቀን ተመልሶ ስለማይሠራበት፣ እንዲህ ያለ መርሐ ግብር በጽሑፍ ቢያምርም ለሳይቱ አይጠቅምም።

እኔ የምመክረው መቶኛውን በእጅ መጻፍን ትቶ ሁለት ነገሮችን ብቻ መመዝገብ ነው፤ እስካሁን የወሰደውን ጊዜና የቀረውን ጊዜ። የወሰደው 12 ቀን ነው። የቀረውን ለማወቅ 350 ካሬ ሜትርን ለ12 ሲያካፍሉ በቀን 29 ካሬ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ የቀረው 650 ካሬ ሜትር በዚሁ ፍጥነት ከሄደ 22 ቀናት ያህል ይፈልጋል። እነዚህን ሲያስገቡ የሥራው ጠቅላላ ጊዜ 34 ቀን ይሆናል፣ ማጠናቀቂያው በ14 የሥራ ቀናት ይገፋል፣ መቶኛውም ማንም ሳይጽፈው 35 አካባቢ ላይ ይቀመጣል። ልስኑን ተከትለው የሚመጡት የቀለምና የሴራሚክ ሥራዎች በትክክል ከተያያዙ አብረው ይገፋሉ፤ አሠሪው ማወቅ ያለበትም ይህንኑ ነው።

ሆኖም 22 ቀን የሚለው ስሌት የሚጸናው ባለፈው ፍጥነት ከተቀጠለ ብቻ ነው። ሁለተኛ የልሳኞች ቡድን የሚገባ ከሆነ፣ ወይም ሲሚንቶ ዘግይቶ የባከኑት ቀናት የማይደገሙ ከሆነ የቀረው ጊዜ ያጥራል። ስለዚህ ፎርማኑን «ስንት ከመቶ ደረስክ?» ከማለት ይልቅ «ከዛሬ ጀምሮ ስንት ቀን ይቀርሃል? በስንት ሰው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ግምት ይጋብዛል፤ ሁለተኛው ግን ፎርማኑን የቀሩትን ክፍሎች እንዲቆጥር ያስገድደዋል። የመጀመሪያው የልስን እጅ ብቻ የተመታለት ግድግዳ ምን ያህል እንደሚቆጠርም ከአማካሪ መሐንዲሱ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ካልተስማማችሁ በየወሩ ክርክሩ ይደገማል። ልኬቱም ለክፍያ ከሚዘጋጀው የሥራ መጠን መለኪያ ቅጽ (ቴክኦፍ ሺት) ጋር አንድ ይሁን።

በካሬ ሜትር የተለካውን 35 ከመቶ ለብቻው ማስቀመጥ ከፈለጉ፣ ሶፍትዌሩ አካላዊ አፈጻጸምን የሚመዘግብ ሌላ ዓምድ አለው። እሱ በእጅ የሚሞላ ሲሆን ቀኖቹን አይነካም፤ የተሠራውን ሥራ በገንዘብ ለመመዘን ያገለግላል። ፕሪማቬራ የተባለውን ሌላ የመርሐ ግብር ሶፍትዌር የሚጠቀሙ አንባቢያን ደግሞ ለእያንዳንዱ ሥራ መቶኛው በጊዜ፣ በሰው ኃይልና መሣሪያ መጠን ወይም በአካላዊ ልኬት እንዲሰላ የመምረጥ ዕድል አላቸው። እዚያ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ፕሪማቬራ የጊዜውን መቶኛ የሚያሰላው የቀረውን ጊዜ መጀመሪያ ከታቀደው ጋር በማነጻጸር ስለሆነ፣ በእርስዎ ምሳሌ የቀረው 22 ቀን ከታቀደው 20 ስለሚበልጥ ዜሮ ከመቶ ያሳያል። 350 ካሬ ሜትር ተለስኖ ዜሮ መባሉ የልሳኞቹን ድካም መካድ ነውና፣ ለእንዲህ ያለ ሥራ አካላዊውን ልኬት ይምረጡ።

ለአሠሪው የሚቀርበውን በተመለከተ፣ የፕሮጀክቱን አንድ ጠቅላላ መቶኛ ብቻ ይዞ መቅረብን አልደግፍም። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት የምዕራፎችን መቶኛ የሚደምረው በቀናት ርዝመት እንጂ በገንዘብ ወይም በሥራ ክብደት አይደለም። 30 ቀን የፈጀ የአጥርና የሳይት ጽዳት ሥራ ቢያልቅና 30 ቀን የተያዘለት የኮንክሪት ሥራ ገና ባይጀመር፣ ሁለቱን ያቀፈው ምዕራፍ 50 ከመቶ ተብሎ ይታያል። ገንዘቡ በአብዛኛው ያለው ኮንክሪቱ ውስጥ መሆኑን የሚያውቅ አሠሪ ይህን አይቶ ቢቆጣ አልፈርድበትም።

ከዚህ የሚሻለው ሥራው ከመጀመሩ በፊት የጸደቀውን ዕቅድ ቤዝላይን አድርጎ ማስቀመጥና ከአሁኑ መርሐ ግብር በታች በግራጫ አሞሌ ማሳየት ነው፤ ለክትትል የተዘጋጀው የጋንት ቻርት ዕይታ ሁለቱን አንድ ላይ ያወጣቸዋል። መረጃው የተሰበሰበበትን ቀን በስታተስ ዴት ላይ ይሙሉና ሥራዎቹን ከላይ እስከ ታች የሚያቋርጥ የአፈጻጸም መስመር ያስምሩበት። መስመሩ ወደ ግራ የሾለበት ሥራ ወደ ኋላ የቀረ፣ ወደ ቀኝ የሾለበት ደግሞ የቀደመ ነው። ቤዝላይኑን በየወሩ በአዲስ መተካት ግን መዘግየቱን ከዓይን ይሰውራል፤ ለውጡ በውል ማሻሻያ ካልጸደቀ በቀር አይንኩት።

ጥያቄ፦ የሾፕ ድሮዊንግ (ለግንባታው የሚዘጋጁ ዝርዝር ሥዕሎች) ሥራችን ለሳምንታት «90 ከመቶ» ላይ ቆሟል። በሜትር የማይለካውን በምን እንለካው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሠሪው በግምቱ መቶኛ እንዲሰጥ አይፍቀዱ። ሥራውን በየሥዕሉ ከፋፍለው ለሚታዩ ደረጃዎች ብቻ ነጥብ ይስጡ፤ ለምሳሌ ተሥሎ በውስጥ ሲጣራ 50፣ ለአማካሪው ሲቀርብ 70፣ ጸድቆ ሲመለስ 100። በደረጃዎቹ መካከል ያለ ድካም ቁጥሩን አይለውጥም። ከሁለት ሳምንት ለማይበልጡ አጫጭር ሥራዎች ደግሞ ሲጀመር 50፣ ሲያልቅ 100 የሚለው አሠራር ይበቃል። እንዲህ ሲያደርጉ የቆመው ሥዕሉ ይሁን ወይስ ማጽደቁ ለይተው ያያሉ፤ ማጽደቁ ከሆነ ደብዳቤዎ የሚሄደው ለሠዓሊው ሳይሆን ለአማካሪው ነው።