መልስ፦ የ1 እና የ3 ሚሊሜትር የአንጎል ምስሎችን ስለማጋጠም
ወንድሜ፣ የ1 ሚሊሜትሩን ቲ1 (የአንጎሉን ቅርጽ የሚያሳየውን ኤምአርአይ) እና የ3 ሚሊሜትሩን ኤፍኤምአርአይ (የአንጎሉን ሥራ የሚያሳየውን) ከማጋጠሜ፣ ማለትም አንዱን በሌላው ላይ ልክ ከማስቀመጤ በፊት የቮክሰሎቻቸውን (የምስል ነጥቦቻቸውን) መጠን እኩል ላድርግ ወይ ላልከው፣ አያስፈልግም። ካርታ አስብ። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ያለው መንገድ በትልቁም ተሳለ በትንሹ፣ ርቀቱ ያው ነው። ሶፍትዌሩም የሚያሰላው በፋይሉ መግቢያ ላይ በተጻፈው ሚሊሜትር ነው።

ኤፍኤስኤል የሚባለው የአንጎል ምስል ሶፍትዌር ካለህ፣ በውስጡ ያለውን ማጋጠሚያ ፍለርትን ተጠቀም። ሁለቱም የአንድ ሰው አንጎል ስለሆኑ ዲግሪውን (ምስሉ በስንት ዓይነት መንገድ መለወጥ እንደሚችል የሚወስነውን ቁጥር) 6 አድርገው፤ ያኔ ማንሸራተትና ማዞር ብቻ ነው። ካልነካኸው 12 ነው፣ አንጎሉን ይለጥጥብሃል። ምስሎቹ ምን ያህል እንደገጠሙ የሚለካበት መለኪያ ሚውቿል ኢንፎርሜሽን (የአንዱ ምስል ብሩህነት ስለሌላው ምን ያህል እንደሚነግር የሚለካ) ቢሆን ጥሩ ነው፤ በአንዱ የነጣው በሌላው ሊጠቁር ይችላላ።

ማስክ (የምትፈልገውን ቦታ በ1፣ ሌላውን በ0 የሚለይ ምስል) ስታዛውር ግን ኒረስት ኔበር (አማካይ ሳይሠራ የቅርቡን ነጥብ ዋጋ የሚወስደውን) ምረጥ! እኔ ይሄን ረስቼ፣ 0 እና 1 ብቻ የነበረው ማስኬ ከየት 0.37 እንዳመጣ ስፈልግ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ ዋልኩ።

የ3 ሚሊሜትሩን ምስል ወደ 1 ሚሊሜትር ብትቀይረው ፋይሉ ይወፍራል እንጂ አዲስ ዝርዝር አይጨምርም። ስትጨርስ ምስሎቹን ደራርበህ ቬንትሪክሎቹ (በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ ያለባቸው ክፍተቶች) መግጠማቸውን በዓይንህ እይ።