ክረምት፣ ጉምና ሳይክል፦ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ወር በሳይክል ሥራ ስለመሄድ ጥያቄ ያላችሁ ላኩ ብዬ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ዝናቡም ጥያቄውም አብረው ወረዱ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ። ሁለቱን ስድባቸውን አውጥቼ ነው ያቀረብኳቸው።

ከሸዋ በር፦ በአንድ እጄ ጃንጥላ ይዤ በሌላው ብነዳስ?

አይሆንም። ቀጣይ።

ከሰኞ ገበያ፦ ክረምት በገባ ቁጥር ሰንሰለቴ ይዝጋል። ጎረቤቴ የምግብ ዘይት ቀባው አለኝ።

በዛሬ የዘይት ዋጋ እንዲህ የሚመክር ጎረቤት ካለህ አትጣላው፤ ሀብታም ነው። ምክሩን ግን ተወው። የምግብ ዘይት ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ የመንገዱን ጭቃ ሁሉ ይሰበስባል። ጋራዥ በነጻ የሚሰጡህን የተቃጠለ ዘይትም አትቀበል። ውስጡ የብረት ብናኝ አለ፤ ሰንሰለቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ማታ ስትገባ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። በጣም ከቆሸሸ በነጭ ጋዝ እጠበውና ይድረቅ። ከዚያ በየመጋጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ ንጹህ የሞተር ዘይት ጣል፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ አሽከርክር፣ የተረፈውን መልሰህ ጥረግ። ዘይቱ ጎማውን የሚይዘው የብረት ክብ፣ ቸርኬው ላይ እንዳይደርስ ብቻ ተጠንቀቅ። ለምን እንደሆነ ዝቅ ብለህ ታነባለህ።

አንዲት እናት ከወልድያ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። በዝናብ በሳይክል ትምህርት ቤት ልሂድ ይላል። ሳንባውን ብርድ ቢመታውስ?

እናቴ፣ የሳንባ ምች የሚመጣው ከጀርም ነው እንጂ ከዝናቡ አይደለም። ረጥቦ ሲንቀጠቀጥ መዋሉ ግን ለማንም አይበጅም፤ ስለዚህ ደረቅ ካልሲና ሹራብ በፌስታል ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ይያዝ፣ ሲደርስ ይቀይር። አስም ካለበት ሐኪሙን ይጠይቁ። እኔ ብሆን የምጨነቀው ስለሚታይበት ነገር ነው። ጠዋት በጉም ውስጥ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ልጅ ለሾፌር የለም ማለት ነው። ከኋላ ቀይ መብራት ይግጠም። የትራፊክ ፖሊሶች የሚለብሱት ዓይነት አንጸባራቂ ሰደርያ ይግዙለት። አፍራለሁ ቢል አይስሙት።

ስሙን ያልገለጸ ወንድም፦ ትልቅ ሰው በሳይክል ሲሄድ ያስቃል፤ ሳይክል የልጅ ነው።

ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትወዳደር ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት። አንተ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆነህ ሳቅ፤ እኛ እንለፍ።

አንድ ወጣት ከደሴ፦ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት ቁልቁለት ስለሆነ በሳይክል ልወርድ፣ ማታ ሳይክሉን መኪና ላይ ጭኜ ልመለስ አስቤያለሁ። ጓደኞቼ ብርዱ ይገልሃል አሉኝ። ምን ልልበስ?

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጃኬት አለ፣ ስለ ካልሲ አለ፣ ስለ ኮፍያ አለ። ስለ ፍሬን አንድ ቃል የለም።

ልብሱን ቶሎ ልጨርስልህ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር ግድም መንገድ ያን ሁሉ ትወርዳለህ። ዳገት ብትወጣ እግርህ ያሞቅህ ነበር። ቁልቁለት ላይ እግርህ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል፤ ነፋሱን ደግሞ ራስህ ታመጣዋለህ። አየሩ 10 ዲግሪ ቢሆን፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ቆዳህ የሚሰማው 6 ወይም 7 ዲግሪ ያህል ነው። 5 ዲግሪ ቢሆን ወደ 0 ይወርድብሃል። ይህ ደረቅ ለሆነ ሰው ነው፤ ከረጠብክ ይብሳል። ጥጥ ውሃ ይዞ ይቀራል። ከውስጥ የበግ ፀጉር ሹራብ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ነገር ልበስ። በመካከሉ ደረትህ ላይ ጋዜጣ አንጥፍ። የድሮዎቹ የአውሮፓ ተወዳዳሪዎች ተራራ ጫፍ ላይ ጋዜጣ ተቀብለው ማልያቸው ውስጥ እየከተቱ ነበር የሚወርዱት። ኮምቦልቻ ስትደርስ ታነበዋለህ።

አሁን ወደ ፍሬኑ።

እኔ ሐረጎን፣ ያንኑ የደሴና ኮምቦልቻ ቁልቁለት፣ በሳይክል የወረድኩት በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በነሐሴ ነው። ጉሙ ከመውረዱ የተነሳ ከፊቴ አይሱዙ መኖሩን ያወቅሁት በጭሱ ሽታ ነው። መጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ፍሬን ያዝኩ። ምንም። አጥብቄ ያዝኩ። ምንም። ከዚያ አንድ ድምፅ መጣ፤ ያረረ ምጣድ በማንኪያ ሲፋቅ የሚያወጣውን ድምፅ ታውቀዋለህ? እሱ። የፍሬኑ ጎማ አልቆ ብረቱ ቸርኬውን እየፋቀው ነበር። እግሬን አስፋልቱ ላይ ጣልኩ። ኮንጎ ጫማ ነበር ያደረግኩት፣ እንደ በረዶ ተንሸራተተ። በግራዬ ገደል፣ በቀኜ የውሃ ቦይ። ቦዩን መረጥኩ።

ጉልበቴ ተሰነጠቀ፣ መሪው ተጣመመ። ከላይ ገሳ የደረበ እረኛ ቆሞ አየኝና በጣም በትህትና፣ «ጋሼ፣ መንገዱ እኮ በዚህ ነው» አለኝ።

ማታ ፍሬኑን ስፈታው ጎማው እንደ ጥፍር ሳስቷል። ለወራት አይቼዋለሁ። ነገ እቀይረዋለሁ እያልኩ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ነው። ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ሲረጥብ ወዲያው አይዝም። የፍሬኑ ጎማ መጀመሪያ ውሃውን መጥረግ አለበት፤ ለዚያ መንኮራኩሩ ጥቂት ዙር ይፈጃል። ያን ጊዜ አንተ እየሄድክ ነው። ቸርኬው ላይ ዘይት ካለበት ደግሞ ጭራሽ አይዝም። በዝናብ ስትወርድ ማቆም ባትፈልግም በየጊዜው ለስለስ አድርገህ ነካ ነካ አድርገው፣ ውሃው ይጠረግ። ጠመዝማዛ ከመግባትህ በፊት ፍጥነትህን ጨርስ፤ ጠመዝማዛው ውስጥ ገብተህ የፊቱን ፍሬን ጨምቀህ ከያዝክ ሳይክሉ ከሥርህ ይወጣል። ክረምት ላይ ጭቃና አሸዋ ስለሚገባበት የፍሬኑ ጎማ ቶሎ ያልቃል፤ በጋ ላይ ለወራት ያገለገለህ በሐምሌ ላያደርስህ ይችላል። ጣትህን ሰድደህ ዳብሰው። ገመዱንም እየው፤ ክሮቹ መበጠስ ከጀመሩ ጊዜው አልፎበታል።

ጓንት ደግሞ እንደ ልብስ አትቁጠረው። ጓንት የፍሬንህ አካል ነው። ጣትህ ከደነዘዘ ጥሩ ፍሬን ቢኖርህ ማን ይጨምቀዋል? ከውስጥ የሱፍ ጓንት፣ ከላይ የእቃ ማጠቢያ የላስቲክ ጓንት አድርግ። መልኩ አያምርም፣ ይሠራል።

ጉም ካለ አትውረድ። «ቀስ ብዬ» አትበለኝ፤ የከባድ መኪናው ሾፌር አንተ ቀስ ማለትህን አያይም። ሳይክሉንም ይህ ሳምንት ሳያልፍ ጥሩ ሠሪ ጋ ወስደህ ፍሬኑን ፊት ለፊትህ አስፈትሽ። ለሌላው ሁሉ ባለሙያ ጠይቅ የምለው ለወጉ ነው። ይሄኛውን አጥብቄ ነው የምለው።

አንድ ጡረተኛ አባት ከውጫሌ፦ ጠዋት ጠዋት በሳይክል ወጣ እላለሁ። ሲበርድ ለጉልበቴ ምን ልቀባ? በነገራችን ላይ ዳገት ላይ ደረቴን ጨምቆ ይይዘኛል፣ ሳርፍ ይለቀኛል።

አባቴ፣ ጉልበትዎን እንተወው። «በነገራችን ላይ» ብለው የጣሏት ነገር ናት ደብዳቤው ሁሉ። ብርድ የደም ሥርን ያጠባል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል፤ ዳገቱ ሲጨመርበት ልብ ከአቅሟ በላይ ትሠራለች። ሲሠሩ የሚይዝ፣ ሲያርፉ የሚለቅ የደረት ጭንቀት የልብ ደም ሥር መጥበብ ምልክት ሊሆን ይችላል። ጤናዳም አይደለም መፍትሔው፤ «ነፋስ ነው» አይበሉ። ሳይክሉን ያቁሙትና ነገ ጠዋት ከልጆችዎ አንዱን ይዘው ሆስፒታል ይሂዱ፣ ልብዎን ይታዩ። ቁጭ ብለው ደቂቃዎች አልፈው ካልለቀቀዎት፣ ወይም ክንድዎን ወይም መንገጭላዎን ከያዘዎት ደግሞ ነገ አይጠብቁ፤ ያኔውኑ ነው። ውጤቱን ይጻፉልኝ። እጠብቃለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ ከሰዓት በኋላ ስመለስ ነፋሱ ከፊት ይመጣብኛል። ባጃጅ ይዤ ብጎተትስ?

ባጃጁ ድንገት ሲቆም አንተ የት ልትቆም ነው? ነፋሱ ከፊትህ በእጥፍ ፍጥነት ሲመጣ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ጉልበት ብትጨምር አታሸንፈውም። ጎንበስ በል፣ ማርሽ ካለህ አቅልለው፣ ቤት 10 ደቂቃ ቀድሜ እደርሳለሁ ማለትን ተው። የጎን ነፋስ ከሆነ ግን ከመንገዱ ጠርዝ ትንሽ ገባ በል። ትልቅ መኪና ሲያልፍህ ነፋሱን ይጋርድና መልሶ ይለቅብሃል፤ ጠርዝ ላይ ከሆንክ ቦዩ ውስጥ ነህ። ስለ ቦይ ከእኔ የተሻለ የሚነግርህ የለም።

አንዲት መምህርት ከሐይቅ፦ ክፍል ስገባ ቀሚሴ ከኋላ በጭቃ የተረጨ ነው። ተማሪዎቼ ይስቃሉ። ሻሽና ነጠላዬም ያስቸግረኛል።

እህቴ፣ ጭቃው ከሰማይ አይደለም የሚመጣው፣ ከራስሽ የኋላ ጎማ ነው። ፓራፋንጎ አስገጥሚ። አጭሩ አይበቃም፤ ወደ መሬት ዝቅ የሚል ይሁን። የፊቱንም ፓራፋንጎ ጫፉ ላይ በጎማ ቁራጭ ብታስረዝሚው ጫማሽንም ያድንልሻል። ለቀሚሱ፣ ከኋላው ጎማ ግራና ቀኝ የተጠለፈ መረብ ወይም ጠንካራ ጨርቅ ይታሰራል፤ የእጅ ሥራ ለሚችል ሰው የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ያኔ ቀሚሱ የጎማው ራጂ (ሽቦዎቹ) ውስጥ አይገባም። ነጠላውን ግን አጣፍተሽ አትንጂ። ጫፉ ጎማ ውስጥ ከገባ አንገትሽን ነው የሚጎትተው። ቦርሳ ውስጥ ይግባ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልበሺው። ሻሹን ከአገጭ ሥር አጥብቀሽ ጫፉን ሹራብሽ ውስጥ ክተቺው፤ ጆሮሽንም ያሞቅልሻል። ዝናብ ሲጀምር ከአቧራና ከዘይት ጋር ተደባልቆ መንገዱ በጣም የሚያንሸራትተው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው፤ ኮብልስቶንና የዜብራ ቀለም ላይ መሪ አታዙሪ፣ ቀጥ ብለሽ እለፊ።

ከገራዶ፦ በረዶ ቢጥልስ?

ሳይክሉን ከግድግዳ አስደግፈህ ቆርቆሮ ሥር ግባ። ቆርቆሮው ሥር ቡና እየፈላ ከሆነ በረዶው ቶሎ ባያባራም ቅር አይበልህ።