አጭሩ ወይስ ሙሉው የኤክስፓዝ አጻጻፍ? አንድ የደረሰኞች ፋይል ያስተማረኝ

«የኤክስፓዝ (በኤክስኤምኤል ሰነድ ውስጥ የሚፈለገውን ክፍል የሚያመለክት ቋንቋ) መጠይቅ ስጽፍ // እና @ የመሳሰሉትን አጫጭር ምልክቶች ልጠቀም ወይስ የአክሲሱን (ፍለጋው ወዴት እንደሚሄድ፣ ለምሳሌ ወደ ልጅ ወይም ወደ ወላጅ፣ የሚናገረውን) ስም በሙሉ ልጻፍ?» ብለው ለጠየቁት፦ እርስዎም እንደ እኔ ሌሎች የጻፉትን ኮድ ተረክበው የሚሠሩ ስለመሰለኝ በዚያው ልክ እመልሳለሁ።

1. @ (አትሪቢዩት)፣ «.» (ያሉበት ቦታ) እና «..» (ወላጁ) በአጭሩ ይጻፉ። ትርጉማቸው አይዛባም፤ ሙሉው አጻጻፍ መስመር ከማስረዘም ሌላ ጥቅም የለውም።

2. ከ// በኋላ በቅንፍ ቁጥር ካስከተሉ ግን ሙሉውን ይጻፉ። //ዕቃ[1] የሚለውን ብዙ ሰው «በሰነዱ ውስጥ የመጀመሪያው ዕቃ» ብሎ ያነበዋል። ነገር ግን // የሚተካው /ዲሴንደንት-ኦር-ሴልፍ::ኖድ()/ (ራሱንና ከሥሩ ያለውን ሁሉ) የሚለውን ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ዕቃ በቻይልድ አክሲስ (በቀጥታ ልጆች መካከል) ስለሚፈለግ ቆጠራው በየወላጁ ሥር እንደገና ከአንድ ይጀምራል። የኤክስፓዝ ይፋዊ ደረጃ በ1999 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ይህንኑ በማስታወሻ አስጠንቅቋል፤ ማስታወሻ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው።

እኛ የገዛነው የሒሳብ ሶፍትዌር ብዙ ደረሰኞች የያዘውን ፋይላችንን የመጀመሪያ ዕቃ፣ የናሙና መስመር ስለሆነ፣ ከድምሩ ለማስወጣት //ዕቃ[ፖዚሽን()>1] (ተራ ቁጥሩ ከአንድ የሚበልጥ ዕቃ) ይጠቀም ነበር። ውጤቱም ከእያንዳንዱ ደረሰኝ የመጀመሪያው ዕቃ ከሒሳቡ መውደቁ ሆነ። ለሻጩ የቴክኒክ ክፍል ስናመለክት በመጀመሪያ «ፋይላችሁ ተበላሽቷል» አሉን፤ ደግመን ስንጠይቅ «እኛ ጋ ይሠራል» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። እውነትም እነሱ ጋ ይሠራል፤ የሙከራ ፋይላቸው አንድ ደረሰኝ ብቻ ነበረው! ሁለት ደረሰኝ ያለው አጭር ፋይል በእጄ ጽፌ፣ የእነሱን መጠይቅ በሙሉው አጻጻፍ ዘርዝሬ፣ ከጎኑ /ዲሴንደንት::ዕቃ[ፖዚሽን()>1] የሚለውን፣ በሰነዱ ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ የሚቆጥረውን፣ አስቀምጬ ስልክላቸው መከራከሪያ አጡ። በቀጣዩ እትም «የአሠራር ማሻሻያ» ብለው አወጡት፤ ምስጋና ግን አልደረሰኝም። እስከ ዛሬ ድረስ ያ ድምር ትክክል የሚወጣው በእኔ መስመር ነው።

ሦስተኛውን ነጥብ በአጭሩ ልበል። ፕሪሲዲንግ-ሲብሊንግን (ከፊት ያሉ ወንድሞችን) የመሳሰሉ ወደ ኋላ የሚቆጥሩ አክሲሶች አጭር ምልክት ስለሌላቸው በዚያ ምርጫ የለዎትም፤ በእነሱ ላይ [1] የሚያመለክተው የቅርቡን ነው። በማጣሪያ ቅንፍ [ ] ውስጥ በ// የሚጀምር መንገድ ከጻፉ ደግሞ ፍለጋው ከሰነዱ አናት እንደ አዲስ ይነሣል፤ ከያዙት ኤለመንት (የሰነዱ ክፍል) ሥር ብቻ እንዲፈልግልዎ ከፊቱ ነጥብ ጨምረው .// ይበሉ።