በታኅሣሥ ውርጭ ዝንብ ከየት መጣ?

«ደሴ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ቤቴ ግን በየቀኑ ዝንብ አለ፤ እኩለ ቀን ላይ ንብም ቧንቧው ጋ ትመጣለች፤ ምን ጉድ ነው?» ላልሽው እህቴ፣ አብሽሪ፣ ጉድ የለውም። ዝንቡ ግን ከሩቅ አልመጣም። እዛው አጠገብሽ የሚፈለፈልበት ሙቅ ቦታ አለ።

ያደግኩት ኩታበር ነው። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ስትረግጪው ኩርሽም ኩርሽም ሲል ነው ያደግኩት። እኔም ዝንብ በብርድ ያልቃል ብዬ አምን ነበር። አያልቅም፣ ይደነዝዛል እንጂ። የራሱ ሙቀት ስለሌለው ከ10 ዲግሪ ዝቅ ሲል መብረር ያቅተዋል። ጠዋት መጋረጃሽ ላይ ያለውን እስቲ በወረቀት ጫፍ ነካ አርጊው፣ እግሩን ብቻ ይጎትታል። ፀሐይ መስኮቱን ስትመታ የፊት እግሮቹን ያፋትጋል፣ ክንፉን ይጠራርጋል፣ ትንሽ ቆይቶ ሽሮሽ ላይ ነው።

የኛ ብርድ ደግሞ የሌሊት ብርድ ነው። ክረምት ላይ ደመናው እንደ ጋቢ ይሸፍነናል። በጋ ሰማዩ ጥርት ስለሚል የቀኑ ሙቀት ሌሊት ሽው ብሎ ይሄዳል፣ ለዛ ነው ውርጩ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚብሰው። እኩለ ቀን ግን ኮት ታወልቂያለሽ። ለዝንብ እነዚያ ሰዓታት ይበቁታል።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። ደሴ ጦሳ ሥር ቤት ተከራይቼ እንዳንቺው ተቸገርኩ። የሚነፋ መድኃኒት ገዝቼ ሳምንት ሙሉ ጧት ማታ ነፋሁ። ልጆቼን አሳላቸው፣ ዝንቡ ግን በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። እናቴ ከኩታበር ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ገና ቡናው ሳይፈላ ወደ ጓሮ ዞረች። አከራዬ እትዬ ሁለት ላሞች አሏቸው፣ እበቱ የማድ ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ ተከምሯል። እናቴ ዱላ አንስታ ወጋችው። ላዩ ላይ ውርጭ ያረፈበት ክምር ከውስጡ እንፋሎት ተነነ! ዱላውን ስትመዘው ነጭ ትል ይርመሰመሳል። ደረቅ ደረቁ ዳር ላይ ደግሞ የስንዴ ፍሬ የሚያካክሉ ቀይ ቡናማ ነገሮች አሉ፣ እኔ ከጭድ የወደቀ እህል መስሎኝ ነበር። ለካ ትሉ ቅርፊት ለብሶ ዝንብ ሊሆን ሲል ነው። «አንቺ ቤት ትነፊያለሽ፣ እሱ እዚህ ይወልዳል» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እበት ሲበሰብስ ይሞቃል። ሙቀት ካገኘ ዝንብ ከእንቁላል ተነስቶ ለመብረር ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል፣ በብርድ ከሆነ ከወር በላይ ሊፈጅበት ይችላል። ክምሩ ውስጥ ታዲያ ምን ብርድ አለ?

እትዬ ቅር እንዳይላቸው አካፋውን እኔው ያዝኩ። ግማሹን በስሱ በተንነው፣ ግማሹን ኩበት ጠፈጠፍን። የታኅሣሥ ፀሐይ ቶሎ ስለሚያደርቀው ትሉ ለማደግ ጊዜ አያገኝም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቤቴ ሰላም ሆነ። ኅዳር 12 ቆሻሻ ማጠኑን አልቃወምም፣ እኔም አጥናለሁ፤ ግን እሳቱ ላይ ላዩን ነው የሚበላው፣ እርጥቡ ሥሩ እንዳለ ይቀራል።

ከብት የለም ካልሽ የዶሮ ቤቱን ጭድ፣ የጠላ አተላ የሚደፋበትን፣ የልጣጭ ባልዲውን እዪ። ሽንት ቤቱንም ክዳን አበጂለት። የልጅ ዓይን ላይ እየሄደ የሚያስቸግረው ዝንብ ብዙውን የሚፈለፈለው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው፣ ትራኮማ የሚባለውን የዓይን በሽታ ከሚያዛምቱት አንዱም እሱ ነው። የልጆቹን ፊት በየቀኑ ማጠብ የግድ ነው።

ንቧን ተያት። ሌሊት ቀፎ ውስጥ ተጠጋግተው እየተንቀጠቀጡ ነው የሚሞቁት፣ ፀሐይ ስትወጣ ውሃ ልትቀዳ ነው የመጣችው። ሳህን ላይ ጠጠር አድርገሽ ውሃ ብታኖሪላት ቧንቧውን ትተውልሻለች።

አንድ ያልጠየቅሽው፦ በብርድ ወር ከዝንብ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቅማል ነው። ልብስ ደራርበን፣ ሳናወልቅ፣ ተጠጋግተን ስለምንተኛ ይመቸዋል። የልጆቹን ልብስ ስፌት ስፌቱን እያየሽ በፈላ ውሃ እጠቢ። ትኩሳት ለቀቀ ሲባል መልሶ የሚያገረሽ ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው፣ የቅማል ግርሻ ሊሆን ይችላል።

ለማንኛውም ነገ ጠዋት ዱላ ይዘሽ ጓሮ ዙሪና ያገኘሽውን እዚሁ ጻፊልን።