ኮድ ለምትጽፉ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሶፍትዌር ስሠራ ኖሬአለሁ። ሕግና ፖለቲካ የሌላ ሰው ሥራ ይመስለኝ ነበር። «እኔ ምን አገባኝ፣ ኮዴን ልጻፍ» እል ነበር። ዛሬ ይቆጨኛል።

ቁጭቱ የባሰብኝ የኒው ዮርኩን አሌክስ ቦረስን ስከታተል ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ አለው፤ ፓላንቲር በተባለው የመረጃ ትንተና ኩባንያ ውስጥም ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የግዛቱ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። ከዚያ ከሴናተር አንድሩ ጉናርደስ ጋር «ሬይዝ» የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ አቀረበ። ሕጉ በ2025 ምክር ቤቱን አለፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ብዙ ድርድር ከተደረገበት በኋላ፣ ገዥዋ ካቲ ሆቹል ፈረሙበት።

በሕጉ ግዙፍ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል የሚሠሩ ኩባንያዎች ከባድ የደኅንነት ችግር ሲገጥማቸው በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለባቸው። ይህን ቁጥር እንደ ዋዛ አትዩት። ሲስተም ተበላሽቶ ሌሊት የተጠራ ሰው ያውቀዋል። የመጀመሪያው ቀን ምን እንደተፈጠረ ሲፈለግ ያልቃል። በሁለተኛው ቀን «ለጊዜው ዝም እንበል» የሚል ሰው አይጠፋም።

እኔ በሠራሁበት አንድ ድርጅት ይኸው ሆነ። የሥራ አመልካቾችን የሚለየው ሲስተማችን ለወራት ሰዎችን ያለአግባብ ሲጥል ከርሟል። ስህተቱን አግኝተን አስተካከልን። ለተጣሉት ሰዎች ግን የነገራቸው የለም። እኔም አልተናገርኩም። የሚያስገድደን ሕግ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ አንዳንዶቹ እንደገና ያመለክቱ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ቦረስ ለኮንግረስ ሲወዳደር፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይዞ የተነሳው «ሊዲንግ ዘ ፊውቸር» የተባለ የፖለቲካ ቡድን የመጀመሪያ ዒላማው አደረገው። የሕጉ ተቃዋሚዎች በየግዛቱ የተለያየ ሕግ ከወጣ ፈጠራ ይደናቀፋል ይላሉ። መሰማት ያለበት ክርክር ነው። ግን ማን ይመልስላቸው? ሞዴል እንዴት እንደሚሠለጥን የማያውቅ ሕግ አውጪ የነገሩትን ከመቀበል በቀር ምን አማራጭ አለው?

ሁላችሁም ተመረጡ አልልም፤ ብዙዎቻችሁ ለዚያ አልተፈጠራችሁም። የሕግ ረቂቅ ስታገኙ ግን በቀጥታ ወደ ትርጓሜው ክፍል ሂዱ። የኒው ዮርኩ የመጀመሪያ ረቂቅ ሕጉ የሚመለከታቸውን ሞዴሎች የለየው ለማሠልጠን በፈጀው የስሌት መጠንና ወጪ ነበር። እንዲህ ያለው መስመር ትክክል ቦታ ላይ መሰመሩን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ከተሳሳተ ለሕግ አውጪዎቹ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ስልክ ቁጥራችሁንም ከታች አስፍሩ። ይደውሉላችኋል።